ራቭ4 ማርሽ ሲቀይር ከመታ ካምቢዮ ከማስወረድሽ በፊት ኮምፒውተሩን አስፈትሺ

ጥያቄሽን ደህና አድርጌ አነበብኩት እህቴ፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። መኪናሽ የ2002 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ራቭ4 ነው፣ ባለ 2000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከአሜሪካ የገባ። ከ1 ወደ 2 ሲቀይር ከኋላ የተገጨሽ እስኪመስልሽ ይመታል፣ ቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል፣ አጥፍተሽ ስታስነሺው አንዳንዴ ለትንሽ ጊዜ ልክ ይሆንና ከዛ መልሶ ይጀምረዋል። ጋራዥ ያሉት ልጆች ነድተው አዩትና "ካምቢዮው አልቋል፣ ወይ ወርዶ ኦቨርሆል ይደረግ ወይ ዩዝድ ግዢ" አሉሽ። አንቺ ደሞ ልሽጠው ወይስ ልስራው ነው ያልሽው።

አትሽጪው፣ ካምቢዮውንም ገና አታስወርጂው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ነው የምሰራው፣ ይሄ የራቭ4 ነገር ደሞ በጣም ነው የሚያናድደኝ ምክንያቱም ሰው ስንት ብር ከፍሎ ጤነኛ ካምቢዮ ያስፈታና መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ያው ይመታል፣ ከዛ "ካምቢዮው በደንብ አልተገጠመም" ተብሎ እንደገና ይወርዳል። ካምቢዮውኮ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም።

አንቺ የጻፍሽው ውስጥ ትልቁን ነገር የያዘው "አጥፍቼ ሳስነሳው ለትንሽ ጊዜ ልክ ይሆናል" ያልሽው ነው። ካምቢዮ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ካለቁ ቁልፍ ስላጠፋሽ አይድኑም፣ የተሰበረ ማርሽ ካለም ሞተር ስለጠፋ አይገጥምም። ጠፍቶ ሲነሳ ሀሳቡን የሚቀይር ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ኤሌክትሪክ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን ይዞ የሚያቆየው የዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ቫልቭ ቦዲ የሚባለው ክፍል ወዴት እንደሚሄድ መንገዱን ይከፍትለታል፣ ዘይቱ ዲስኮቹን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። መቼ ክፈት፣ መቼ ዝጋ፣ በስንት ግፊት ያዝ የሚሉት ደሞ ሶለኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሰሩ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው፣ እነሱን የሚያዛቸው ኮምፒውተሩ ነው። ያንቺ መኪና ላይ የሞተሩም የካምቢዮውም ኮምፒውተር አንድ ሳጥን ነው፣ ጋቢና ከተሳፋሪው ፊት ካለችው የእቃ ማስቀመጫ ኪስ ኋላ ክሩስኮቱ ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ከአንዱ ሶለኖይድ ጋር ያለው መስመር ሲቋረጥበት ዝም ብሎ አይቀጥልም፣ ቼክ ኢንጅን ያበራና ራሱን ወደ መጠባበቂያ አሰራር ይወስዳል። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሶለኖይድ ደሞ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቀር ግፊቱ መጨረሻ ድረስ ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ዲስኮቹ ተንሸራተው እንዳይቃጠሉ ነው ነገሩ። በዛ ግፊት ማርሽ ሲገባ ነው እንግዲህ ያ ምት የሚሰማሽ። ሞተሩን አጥፍተሽ ስታስነሺ ኮምፒውተሩ ከዜሮ ይጀምርና መስመሩ በዛች ሰዓት ከተገናኘለት በሰላም ይሰራል፣ እንደገና ሲቋረጥበት እንደገና ይመታል።

አሁን ዋናው። አሜሪካ ውስጥ ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል የተሸጡት አውቶማቲክ ራቭ4ዎች ላይ ይሄ ኮምፒውተር ራሱ ችግር እንዳለበት የታወቀ ነው። ቶዮታ ለቴክኒሻኖቹ በጽሁፍ አሳውቆ በኋላም የኮምፒውተሩን ዋስትና ወደ 10 አመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞት ነበር። ጊዜው ድሮ ስላለፈ ዛሬ ላንቺ ብር አያመጣልሽም፣ ግን ጋራዥ ሄደሽ ስትከራከሪ የምትይዢው ነገር ነው። ሶለኖይዶቹን የሚነዱት ክፍሎች ቦርዱ ላይ የተበየዱበት ሊድ በሙቀትና በንዝረት ብዛት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ አይን ላይታይ ይችላል፣ ሲሞቅ ይላቀቃል ሲበርድ ይነካካል። "ጠዋት ደህና ነው ከሰአት ይብሳል" የሚሉኝ ሰዎች ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ስለዚ ቅደም ተከተሉን እንደዚ አድርጊው፣ ጋራዡንም በዚው መንገድ እንዲሄዱ ጠይቂያቸው።

መጀመሪያ ኮዱ ይነበብ። ቼክ ኢንጅን በርቶ ኮድ ሳያነቡ ካምቢዮ አልቋል ያሉሽ ከሆነ ግምት ነው የነገሩሽ። ርካሿ ብሉቱዝ ስካነርም ይቺን መኪና ታነባለች፣ የሚወጣውን ቁጥር ሁሉ ጻፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ ሳትጽፊ ማንም እንዳያጠፋው። ፒ0750፣ ፒ0753፣ ፒ0755፣ ፒ0758 ከሆኑ ወይም ፒ1760 ከመጣ ስለ ሶለኖይድ ነው የሚያወራው። እዚጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ኮዱ "ሶለኖይድ" ስላለ ብቻ ሶለኖይድ የሚገዙ አሉ። ፒ0753፣ ፒ0758ና ፒ1760 የሚሉት የሶለኖይዱ መስመር ላይ ችግር አለ ነው (ፒ0750ና ፒ0755 ግን ቫልቩ ራሱ ሲጣበቅም ሊመጡ ይችላሉ)፣ መስመሩ ደሞ ሶለኖይዱን፣ ሽቦውን፣ ሶኬቱንና ኮምፒውተሩን አራቱንም ያካትታል።

ሁለተኛ ዘይቱ ይታይ። ያንቺ ካምቢዮ መለኪያ ዘንግ ስላለው እድለኛ ነሽ። አለካኩን ግን ብዙ ሰው ይስተዋል፣ እንደ ሞተር ዘይት ጠዋት ጠፍቶ እያለ አይለካም። ትንሽ ተነድቶ ይሙቅ፣ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ ከፒ ጀምሮ ሁሉም ቦታ እየተነካ ወደ ፒ ይመለስ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ዘንጉን መዘሽ ጥረጊና እንደገና ከትተሽ እዪ። ሲሞቅ የሚለካበት ከላይ ያለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ከዛ በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጊው። ቀይ ወይ ትንሽ ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፣ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ዲስኮቹ መጎዳት ጀምረዋል፣ እንደ ሮዝ ወተት ከሆነ ደሞ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ ስለሱ ታች ለብቻው እጽፋለሁ ምክንያቱም እኛ ሀገር በጣም ብዙ ነው።

ሶስተኛ ኦም (የሶለኖይዶቹ የኤሌክትሪክ መቋቋም) ይለካ። ይሄ ነው ጋራዦች የሚዘሉት፣ ደሞ መልቲሜትር ላለው ሰው ብዙ ሰአት አይፈጅም። የካምቢዮው ትልቁ ሶኬት ይነቀልና ሶለኖይዶቹ ከውጪ ይለካሉ። ግፊቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሊኒየር የሚባሉት ሲበርዱ 5 ኦም አካባቢ ይሰጣሉ፣ ዝም ብሎ መክፈትና መዝጋት ብቻ የሚሰራው ደሞ ከ11 እስከ 15 ኦም። ቁጥሩ እዚ ውስጥ ከሆነ ሶለኖይዱ ጤነኛ ነው። ከዛ ያው ልኬት ከኮምፒውተሩ ሶኬት በኩል ይደገም፣ ተመሳሳይ ቁጥር ከመጣ ሽቦውም ጤነኛ ነው። ሁለቱም ልክ ሆነው ኮዱ እየተመለሰ ካስቸገረ ቀድሞ የሚጠረጠረው ኮምፒውተሩ ነው። ሞቆ እያለም ይለካ፣ ሲበርድ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚቋረጥ ሶለኖይድም አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

አራተኛ ካምቢዮው ራሱ ምን ያህል ጤነኛ እንደሆነ ማየት ነው። መኪናው ሞቆ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የእግር ፍሬን በደንብ ተረግጦ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ እስኪይዝ ያለው ጊዜ ከ1.2 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፣ ከኤን ወደ አር ደሞ ከ1.5 ሰከንድ። በየመሀሉ አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ። ከዛ በላይ ከቆየ ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ ግፊት የለም፣ ወይ ዲስኮቹ በልተዋል። ፍሬን ረግጦ ቤንዚን እስከ መጨረሻ የሚሰጠውን ሙከራ ግን ለማንም አትፍቀጂ፣ ከ5 ሰከንድ በላይ ከተያዘ ዘይቱን የሚቀቅል ነገር ነው፣ በደንብ የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ደህናውን ካምቢዮ ይገድላል።

ኮምፒውተሩ ነው ከተባለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቦርዱን አውጥቶ የተሰነጠቀውን ሊድ እንደገና ማቅለጥና የተቃጠለ ትራንዚስተር ካለ መቀየር ነው። ሞባይል ሰሪ ሁሉ አይሰራውም፣ የመኪና ኮምፒውተር የሚሰሩ ልጆች ግን አሉ፣ ከሰሩት በኋላ ሞቆ ሲሰራ አይተሽ ነው መክፈል። ሁለተኛው ሌላ ኮምፒውተር መግጠም ነው። ሳጥኑ ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር ተለጥፏል፣ የምትገዢው ላይ ያለው ሙሉ ቁጥር ከሱ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ የማንዋሉና የአውቶማቲኩ ይለያያል፣ ያሜሪካውና የገልፉም ሊለያይ ይችላል፣ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ዘመድ ካለሽ ቁጥሩን ላኪላቸው፣ እዛ ተጠግኖ የተፈተሸ ኮምፒውተር የሚሸጡ አሉ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ እቃ ነው። የድሮውን የመኪናሽን ሳጥን ግን ለማንም አትስጪ፣ ይጠገናል። ቁልፉ ቺፕ ያለው ከሆነም ኮምፒውተር ሲቀየር ቁልፉ እንደገና መመዝገብ አለበት፣ አለዛ አይነሳም።

አንድ ነገር ልብ በይ። እየመታ ብዙ ጊዜ ከተነዳ ያ ግፊት ውሎ አድሮ ካምቢዮውን በእውነት ይጎዳዋል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ጀምሮ ካምቢዮው ላይ የጨረሰ መኪና ብዙ አለ፣ ከዛ ሰው ካምቢዮውን ብቻ ቀይሮ ያንኑ ኮምፒውተር ይተወዋል፣ አዲስ የገባውም በዛው መንገድ ይሄዳል። ስለዚ እስክታሰሪው ድረስ መኪናዋን አቁሚያት፣ የግድ ካስፈለገሽ ቀስ ብለሽ፣ ቤንዚን ሳትረግጪ፣ ቅርብ ቦታ ብቻ።

ዩዝድ ካምቢዮ በእውነት ካስፈለገ ደሞ ሶማሌ ተራ ሄደሽ "የራቭ4 ካምቢዮ" ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። አራቱም ጎማ የሚነዳው ዩ140ኤፍ ነው፣ የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ዩ241ኢ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከዱባይና ከሻርጃ ከሚመጣው ውስጥ ጥሩም አለ፣ ተዘቅዝቆ ዝናብ ላይ የከረመም አለ። ሲገዛ የታችኛው ኮፓ (የዘይት መያዣው) ይከፈትልኝ በይ፣ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ጋ ሂጂ። ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ላይ እንደ ቅባት የሆነ ግራጫ ዱቄት መኖሩ የተለመደ ነው፣ በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ካየሽ ግን ተይው። ዋስትናውንም በቃል አትቀበዪ፣ ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና ይዞ እየቆየ ስለሆነ የነዚህ መኪኖች ካምቢዮ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፣ ጤነኛውን አስወርዶ የማይታወቅ መግጠም ከባድ ኪሳራ ነው።

አሁን ውሃ ስለገባበት ዘይት። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ቱቦ መሰል ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለፈ ነው፣ በዙሪያዋ ያለው የራዲያተሩ ውሃ ነው። እኛ ጋ ሰው ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ይሞላል፣ ኩላንት "የሀብታም ነገር" ይመስለዋል። የቧንቧ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፣ ሲበላ ሲበላ አንድ ቀን ይቀደድና ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። የፍሪሲዮን ዲስኮቹ ላይ ያለው ሽፋን በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል፣ በቀናት ውስጥ ካምቢዮው ያልቃል። ራዲያተሩ ውስጥ ቀይ ቅባት ካየሽ ወይም ዘንጉ ላይ ሮዝ አረፋ ካየሽ ሞተሩን አታስነሺው፣ ተጭኖ ይሂድ። ብዙ ሳይነዳ ከተደረሰበት ራዲያተር ተቀይሮ ዘይቱ ተደጋግሞ ከታጠበ የሚተርፍበት እድል አለ። ለዚህ ነው እኔ ማንም አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው ጥሩ ኩላንት ይግዛ የምለው፣ ከካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ዘይት መቀየርን በተመለከተ ያንቺዋ የምትፈልገው ቶዮታ ቲ-4 የሚባለውን ነው (ጣሳው ላይ አራቷ በሮማን ቁጥር ነው የተጻፈችው)። "ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው" የሚልሽን አትስሚ። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ባለ ስድስት ማርሹ ራቭ4 ደሞ ደብልዩ ኤስ የሚባለውን ነው የሚወስደው፣ እሱ መለኪያ ዘንግ የለውም፣ ልኩ የሚታየው ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ከታች ቡሎን ተፈትቶ በሚፈሰው ነው። ያንቺ ካምቢዮ ሲፈታ የሚወጣው 3 ተኩል ሊትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው) እና ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል። ስለዚ አንዴ ማፍሰስ ሁሉንም መቀየር አይደለም፣ ተቀይሮ ትንሽ ሳምንታት ተነድቶ ይደገም፣ ካስፈለገ ይሰለስ። የወጣው በጆግ ይለካና ያንኑ ያህል ይግባ። በማሽን ግፊት እያስገቡ "ፍላሽ" የሚያደርጉትን ለብዙ አመት ዘይት ላልተቀየረለት ካምቢዮ አልመክርም፣ የተቀመጠውን ቆሻሻ አንስቶ ቫልቭ ቦዲ ውስጥ ይወትፈዋል። ዘይት መቀየሪያ ቦታ ስትሄጂ ደሞ ቆመሽ እዪ። የካምቢዮው ማፍሰሻ በአለን ቁልፍ የሚፈታ ነው፣ የሞተሩ ተራ ቡሎን ነው፣ ልጆቹ ተሳስተው የካምቢዮውን አፍስሰው ሞተሩ ላይ አዲስ ዘይት የሚጨምሩበት ጊዜ አለ፣ ካምቢዮው ደረቅ ሆኖ ይነዳል ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞላል።

ሌሎቻችሁ ከስር ለጠየቃችሁት ደሞ ባጭሩ። ከፒ ወደ ዲ ወይ አር ስታስገቡ ብቻ ዱብ የሚል ከሆነ፣ እየተነዳ ደሞ ምንም ከሌለው፣ ካምቢዮውን ተዉትና ሚኒሞውን (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን) እዩ። ሞቆ 700 አካባቢ መሆን ያለበት ሞተር 1,000 እና ከዛ በላይ እየዞረ ማርሽ ከገባ መምታቱ አይቀርም፣ ብዙ ጊዜ ትሮትል ቦዲው (ለሞተሩ አየር የሚያስገባው) ይጸዳና ያልቃል። የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርት ጎማ ከተቀደደም ያው ድምጽ ነው፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሌላ ሰው ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ብድግ የሚል ከሆነ ሱፖርት ነው። ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ላይ ቤንዚን ቀለል አድርጋችሁ ስትይዙ የቆርቆሮ መንገድ ላይ እንዳላችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው፣ መጀመሪያ ትክክለኛውን ዘይት ቀይሩ፣ አንዳንዱ በዛ ይድናል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነና ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ከሸተተ ግን እዛ ላይ አልከራከራችሁም፣ ዲስክ ነው፣ ካምቢዮው ይውረድ።

ኒሳን ኤክስትሬልና ካሽካይ ያላችሁ፣ የብዙዎቻችሁ ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ አደለም፣ ሲቪቲ ነው፣ በብረት ቀበቶና በሁለት ፑሊ ነው የሚሰራው። ዘይቱ የራሱ ነው፣ ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3 እንደ ሞዴሉ፣ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ይንሸራተትና ፑሊውን ይፍቀዋል፣ ከዛ በኋላ መመለሻ የለውም። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላሉት ሲቪቲዎች ዋስትናውን ወደ 10 አመት ወይም 120,000 ማይል ያራዘመው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳገት ላይ ሞቆ ጉልበት ከከለከላችሁ ራሱን ከሙቀት እየተከላከለ ነው፣ ቁሙለት፣ ይቀዝቅዝ፣ አትርገጡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ እናንተም አብዝታችሁ ትረግጣላችሁ፣ ያንን ሁሉ የሚሸከመው ካምቢዮው ነው። ስለዚ መጽሀፉ ላይ ያለውን የዘይት መቀየሪያ ኪሎሜትር አትጠብቁ፣ እኔ ለእንጦጦና ለሽሮ ሜዳ አይነት ዳገት ለሚነዳ መኪና በየ40,000 ኪሎሜትሩ ቀይሩ ነው የምለው። አባይ በረሃን ስትወርዱም በዲ እየወረዳችሁ ፍሬን ላይ አትተኙ፣ ወደ 2 ወይም ኤል አውርዱት፣ ምንም አይሆንም፣ ለዛ ነው የተሰራው።

ጎማም እንዳትረሺ እህቴ። ያንቺ ራቭ4 አራቱንም ጎማ ሁሌ የሚነዳ ስለሆነ ፊትና ኋላ የተለያየ ሳይዝ ወይም ሁለት አዲስ ሁለት ያለቀ ጎማ መሀል ያለውን ማከፋፈያ ያለ እረፍት ያሰራዋል። ሲጎተትም ሁለት ጎማ ተነስቶ ሁለቱ መሬት ላይ እየዞሩ አይሆንም፣ አራቱም ከመሬት ተነስተው ጭነት ላይ ነው የሚሄደው። በግፊት ማስነሳት ደሞ ጭራሽ አይሞከርም፣ አውቶማቲክ በግፊት አይነሳም።

ነገ ጋራዡ ጋ ስትሄጂ እንዲህ በያቸው፦ ኮዱን አንብባችሁ ጻፉልኝ፣ ዘይቱን አሳዩኝ፣ ሶለኖይዶቹን በኦም ለክታችሁ ቁጥሩን ስጡኝ። "አያስፈልግም" ካሉሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። ከለኩልሽ ኮዱን፣ የእያንዳንዱን ሶለኖይድ ኦም፣ ሶፍቱ ላይ ያለውን ዘይት ፎቶና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የ89661 ቁጥር እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ከሱ ተነስቼ ኮምፒውተር ይሁን ሽቦ እነግርሻለሁ።